ማን ጻፈው? ማን ሰረዘው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን ባለፈው ወር ጠርተውኝ «ሁልጊዜ ከልጅ ልጅህ ጋር ስልክ ላይ አፍጥጠህ ነው የማገኝህ፤ እስቲ ከዚያ የምትቃርመውን ለኛም አካፍለን» ቢሉኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለሆነም የምናገረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን 38 ዓመት በመዝገብ ቤት እንደ ሠራ ሰው ነው።

በመዝገብ ቤት አንድ ሕግ ነበረን። ይኸውም መፋቅ ክልክል ነው። የተሳሳተ ጽሑፍ ካለ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ ሆኖ ማለት ነው። በጎኑ ደግሞ የሰረዘው ሰው ፊርማውንና ቀኑን ያኖራል። ወረቀቱን በምላጭ የፋቀ ጸሐፊ ደመወዙ ይቀጣ ነበር። ያን ጊዜ ጥብቅነቱ ያስመርረን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ዊኪ የሚባል ነገር አለ። ቃሉ የሃዋይ ደሴት ሰዎች ቋንቋ ሲሆን ፈጣን ማለት ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች 1995 ዓ.ም. ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፍበትን ገጽ ሲሠራ፣ በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ካየው የአውቶቡስ ስም ወስዶ ዊኪ አለው። ከዚያ በ2001 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉት ሰዎች በዚሁ መንገድ ዊኪፔዲያን ጀመሩ። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይጽፍበታል፣ ማንም ያርመዋል። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የአማርኛውም «ውክፔዲያ» ተብሎ አለ፤ እሱ ግን ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ልዩነቱን እናንተው ገምቱት። ፈረንጅ መጥቶ አማርኛ አይጽፍልንም።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ ስታሳየኝ «ማንም የሚጽፍበት ከሆነማ የገበያ ወሬ ነው» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን አንድ ቦታ ነካችና የገጹን ታሪክ አወጣችልኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልክ እንደኛ መዝገብ ነው! እያንዳንዱ ለውጥ፣ በማን፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተጨመረ፣ ምን ተሰረዘ፣ አንድ በአንድ ተደርድሯል። የተሰረዘውም ከነበረበት ይነበባል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከናንተ መካከል የሚያስታውሱት አሉ።

ከዛሬ 25 ዓመት በፊት የእድራችን ጸሐፊ ሳለሁ አንድ አባላችን ዐረፉ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። ገንዘብ ያዡ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ሊያወጣ መዝገቡን ቢገልጥ የሟቹ ስም ተሰርዞ አገኘው። ማን ሰረዘው? መቼ? በምን ምክንያት? ፊርማ የለ፣ ቀን የለ። ግማሹ «መዋጮ አቋርጠው ነበር» አለ፤ ግማሹ «ኧረ እኔ ራሴ ሲከፍሉ አይቻለሁ» አለ። ባለቤታቸው ደረሰኝ የት እንዳለ አያውቁም፤ ያንን የሚያስቀምጡት ሟቹ ነበሩ። ክርክሩ ሠልስቱን አለፈ። ለቀስተኛውን ያስተናገደው ጎረቤት ከኪሱ አዋጥቶ ነው። ከአራት ወር በኋላ ደረሰኞቹ ካሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ ተገኙ። አንድም ወር አልጎደለም። ገንዘቡ ተከፈላቸው፤ ነገር ግን እኒያ እናት ከዚያ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ገብተው አልተቀመጡም። ዛሬ በሕይወት የሉም።

ያንን መስመር ያሰመርኩት እኔ ልሁን ከኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከበላዩ የነበረው ስም ሰፈር የለቀቀ ሰው ነው፤ እሱን ልሰርዝ ስል እጄ ስቶ ይሆናል። በመሥሪያ ቤት የማልደፍረውን በእድር መዝገብ ላይ አደረግሁት ማለት ነው፤ «የራሳችን ነው» ብዬ።

ዊኪ ስሕተት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። በፈረንጆች 2005 ዓ.ም. ጆን ሲገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ፍጹም ሐሰት ስለሳቸው ተጽፎ ወራት ቆይቷል። መዝገቡ ማን እንደጻፈ ይመሰክራል እንጂ የተጻፈው እውነት ነው ብሎ ዋስ አይሆንም። ለዚህ ነው ከጽሑፉ ግርጌ ምንጩ መኖር አለመኖሩን የማየው። እኛም ደብዳቤ ሲመጣ «በቁጥር ስንት፣ በቀን ስንት የተጻፈውን ጠቅሶ ነው?» እንል አልነበር?

በኑሮ ምን ይጠቅማል ላላችሁ፣ ባለቤቴ የስኳር በሽታ መድኃኒት ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ ሆዷን እየቆረጣት ልትተወው ደርሳ ነበር። ከዊኪፔዲያ ብናነብ ከምግብ ጋር ሲወሰድ የሆድ ሕመሙ እንደሚቀንስ ይላል። እሷ ለካ በባዶ ሆዷ ነው የምትውጠው! እኛ ግን ባነበብነው ብቻ አላደረግንም፤ ፋርማሲስቱን ጠየቅን፣ እሱም ልክ ነው አለ። እንዲህ ነው አጠቃቀሙ፤ ለመጠየቅ ያበቃችኋል፣ ሐኪም አይሆናችሁም። ኔትዎርክ ሲጠፋ ደግሞ ኪዊክስ በሚባል ነገር አስቀድሞ አውርዶ ያለ መስመር ማንበብ ይቻላል።

ብሎግ የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። እሱ አንድ ሰው በራሱ ስም ቀኑን እያኖረ የሚጽፈው ነው። የመርከብ አዛዥ በየዕለቱ የሚጽፈው መዝገብ በእንግሊዝኛ ሎግ ይባላል፤ ስሙ ከዚያ መጣ። በኛ አገር ጦማር ይሉታል፤ ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ነው። ቃሉን ካስለመዱት መካከል በ2004 ዓ.ም. የተነሡት የዞን ዘጠኝ ልጆች ይገኛሉ፤ በሚያዝያ 2006 ታስረው ወደ ፍርድ ቤት መመላለሳቸውን ሰምታችኋል። እድራችን ከፖለቲካ ስለሚርቅ ከዚህ አልቀጥልም። እኔን ደስ የሚለኝ የባልትናው፣ የድሮ ፎቶግራፉ፣ የጓሮ አትክልቱ ጦማር ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳን የሚያህል ሰፈር ፈርሷል። ከኛም አባላት ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገብተው ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት። የእድራችን መዝገብ ግን አንድ ነው፤ እሱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ሣጥኑን ያለፈው ክረምት ውኃ ነክቶታል። መተዳደሪያ ደንባችንን፣ የመሥራቾቹን ስምና የሰፈሩን ታሪክ ሁላችንም በምንጽፍበት፣ ማን ምን እንደለወጠ በሚታይበት ገጽ እናኑረው እላለሁ። የመዋጮ ዕዳ፣ የስልክ ቁጥር፣ የቤተሰብ ምስጢር ግን እዚያ አይገባም፤ እሱ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቆይ። በወረቀቱም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፊርማ አንድ መስመር እንዳይሰመር ጉባኤው ይወስንልኝ።

በሚቀጥለው ወር የመዋጮ እሑድ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እኔና የልጅ ልጄ እዚሁ አዳራሽ እንቀመጣለን። የጥንት ደረሰኝ፣ የመጀመሪያው ድንኳን የተገዛበት ወረቀት፣ የስብሰባ ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ዋናውን አንወስድባችሁም፤ ፎቶ አንሥተን እዚያው እንመልሳለን። ያሮጌ ኮቶቻችሁንም ኪስ ፈትሹልኝ።