የዓይነ ስውር ልጅ ወላጆችን ስለ መደገፍ
በሞላሌ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር



በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ታዘዘ ኢዮቤልዩ የነጻነት ዓመት ነው፤ በባርነት የተያዘው ይፈታል፥ የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። እኛም የደብራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር፥ ከመካከላችን የታሰረ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። እኔ ዛሬ የምናገረው ዓይነ ስውር ወይም ዓይኑ የደከመ ልጅ ስላላቸው አባትና እናት ነው። እነዚህን ከልጃቸው ዓይን ይልቅ ያሰራቸው የጎረቤት አፍ ነው።

ልጅ ዓይኑን ያጣ እንደ ሆነ፥ የማን ኃጢአት ነው፥ የማን እርግማን ነው እየተባለ ይወራል። ወሬውን የፈራች እናት ልጇን በጓዳ ትሸሽገዋለች፤ እርሱም ከሐኪም፥ ከትምህርትና ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ይህን ጥያቄ ግን ደቀ መዛሙርት አስቀድመው ለጌታችን አቅርበውት ነበር፤ እርሱም በልጁም በወላጆቹም በደል እንዳይደለ አስረዳቸው። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ወላጆቹን ተመልከቱ፤ የልጃቸው ዓይን በበራ ጊዜ እንኳ፥ ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው መልሱን ለልጁ ተዉት። እንግዲህ የንስሐ አባት የመጀመሪያ ሥራው በልጆቹ ቤት ገብቶ ይህን ፍርሃት ማራቅ ነው።

ሁለተኛው ሕክምና ነው። ልጁ ጠበል ይጠመቅ፤ ሐኪምም ይየው። ሕፃን የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል፥ ወይም ብሌኑ ነጥቶ የሚታይ ከሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። በሕፃንነት የታየ የዓይን ሞራ ሳይገፈፍ ከቈየ፥ በኋላ ቢገፈፍም ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ አይመለስምና። ትራኮማም በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፥ የልጆች ፊት ዘወትር ይታጠብ።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይናገራል፤ ስለዚህም ዓይነ ስውርነት ከጉባኤ አልከለከለም። አለቃ አያሌው ታምሩ (1915–1999 ዓ.ም.) በጎጃም ተወልደው በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ቢያጡም፥ የቤተ ክርስቲያናችን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ለመሆን በቅተዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ዲዲሞስም በእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተምሮ የታላቁ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ዛሬም ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. በስድስት ነጥብ የሠራው ጽሕፈት ለአማርኛ ተስማምቷል፤ በሰበታም የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ዓይኑ ፈጽሞ ያልጠፋ ልጅ ደግሞ ከመምህሩ አጠገብ፥ ብርሃን ባለበት ይቀመጥ።

በቤትም ልጁን ሥራ አትንፈጉት። የምንጩን መንገድ በእግሩ ይልመድ፤ እንደ መንዝ ልጅነቱ የበግ ጠጉር መፍተል ይማር። ሥራ የነሣነው እንደ ሆነ ሁለተኛ ጨለማ እንጨምርበታለን።

ይህ ሁሉ ግን ስንቅና የመንገድ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ድኻ ወላጅም ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው እነዚህን ቤቶች ይወቃቸው፤ በየሰንበቴውም ከሚዋጣው ጥቂቱ ለልጆቹ መንገድና ስንቅ ይለይ፤ እናቲቱም ወደ ሐኪም ስትሄድ ጎረቤት ከብቷን ይጠብቅላት።

በወንጌል የተነገረለት ያ ሰው ከመፈወሱ በፊት ተቀምጦ ይለምን ነበር። በየበዓሉም በደጀ ሰላማችን እንዲሁ የሚቀመጡ አሉ። ለእነርሱ የምንሰጠው ሳንቲም ምጽዋት ነው፤ ልጁ ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ለእናቱ የምናደርግላት ግን ከዚያ ደጅ ያድነዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።