ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፦ ለሠራተኛውም ለአርሶ አደሩም ዋስትና
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ አባላት፣
የተከበራችሁ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
ክቡራን የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ ሠራተኞች፣



እንደሚታወቀው የዩኒየን ሀብት በመጋዘን ያለው እህልና ማዳበሪያ ብቻ አይደለም። ሀብቱን የሚጠብቀው የሥራ ሥነ ሥርዓትም ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ያለ ወጪ ሰነድ ማዳበሪያ እንዳይወጣ የታዘዘ የመጋዘን ሠራተኛ ትእዛዙን ጣሰ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ነገሩ ይድበሰበሳል። ጥፋቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ቦርዱ በአንድ ቀን ያሰናብተዋል። ሠራተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ «መቼ ተነገረኝ?» ሲል ማኅደሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ካሣው የሚወጣው ከተቆጣው ኃላፊ ኪስ ሳይሆን ከአርሶ አደሩ ገንዘብ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሥራ ውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ትእዛዝ እንዲፈጽም ያዛል። በሌላ በኩል በአንቀጽ 27 መሠረት ሰዓት ባለማክበር ወይም ከሥራ በመቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት፣ ሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው መሆን አለበት። ይህም ሆኖ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም 5 ቀን የቀረ ሲሆን ነው። አሠሪው ለስንብት የሚያበቃውን ጥፋት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈ ደግሞ የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ከዚህ አንፃር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተሰጠውን ትእዛዝ፣ የተፈጸመውን ጥፋትና ቀኑን፣ የተጣሰውን የደንብ አንቀጽና ከሠራተኛው የሚጠበቀውን መሻሻል ለይቶ መግለጽ ይኖርበታል። ከመጻፉ በፊት የሠራተኛው መልስ ይደመጥ። ደብዳቤውን አልቀበልም ቢል ሁለት ምስክሮች ይፈርሙና ቅጂው ከማኅደሩ ጋር ይያያዝ።

ይሁን እንጂ እምቢታ ሁሉ አለመታዘዝ አይደለም። ሐሰተኛ ሚዛን እንዲመዘግብ ታዞ እምቢ ያለ ሠራተኛ የአባላትን ሀብት ጠበቀ እንጂ አላጠፋም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር፣ የቦርድ አባሉ ሌላ ነገር ካዘዙትም ጥፋቱ የአዛዦቹ ነው። ስለዚህ ቦርዱ መመሪያውን በሥራ አስኪያጁ በኩል ያስተላልፍ፤ አባላትም ቅሬታቸውን ለቦርዱና ለቁጥጥር ኮሚቴው ያቅርቡ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በወቅቱ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለሠራተኛው የመታረሚያ ዕድል፣ ለአርሶ አደሩም የሀብቱ መጠበቂያ ነው።

መልካም በዓል!