ኪንታሮት ነው ብለን ዝም ያልነው ቁስል
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነርስ በሆነች አባላችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በስብሰባ መሐል የሚነሣ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ነጠላችሁን ወደ አፋችሁ ሳብ እያደረጋችሁ ነው፤ ይሁን፣ ሳቁ። ግን አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት እንዲህ ላለው ሕመም ነው። የምነግራችሁ ስለ ፊንጢጣ መሰንጠቅና ስለሚታዘዝለት ቅባት ነው።

በእኛ ዘንድ ከወገብ በታች ያመመ ሁሉ ስሙ ኪንታሮት ነው። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይደማል ወይም እብጠት ይወጣል እንጂ ያን ያህል አያምም። ስንጥቁ ግን በፊንጢጣ አፍ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ሲተረተር የሚመጣ ቁስል ነው። ስትጸዳዱ በምላጭ የመቆረጥ ያህል ያማል፤ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ያቃጥላል። በወረቀቱ ላይ ጥቂት ደማቅ ቀይ ደም ይታያል። የሚያመጣው በአብዛኛው የሆድ ድርቀት ነው። እኛ ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ይበልጥ እንጋለጣለን።

ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለምን አይድንም? የፊንጢጣን አፍ የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ። ሕመም ሲሰማው ይኮማተራል። ሲኮማተር ወደ ቁስሉ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ደም ያላገኘ ቁስል ደግሞ አይጠግም። ሴትዮዋም ሕመሙን ፈርታ መጸዳጃ ቤት መሄዱን ታዘገያለች። ሰገራው ይደርቃል፣ በማግስቱ ያንኑ ቁስል እንደገና ይቀደዋል። የሚታዘዘው ቅባት ሥራው ይህን ጡንቻ ማላላት ነው። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ቀላል ነው።

ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት አንዱ ናይትሮግሊሰሪን ነው፣ መጠኑም 0.2 ወይም 0.4 በመቶ። ሌላው ዲልቲያዜም 2 በመቶ ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ናይትሮግሊሰሪን በ2 በመቶም ይሠራል፤ እሱ ግን ለልብ ሕመም ነው፣ ለቁስሉ ከሚታዘዘው ብዙ እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ጎረቤት ያዋሰችንን ወይም ዘመድ ከውጭ የላከልንን ቅባት ስሙንና ቁጥሩን ሳናነብ፣ ባለሙያም ሳናማክር አንቀባ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። እጃችሁን ታጠቡ። የሚጣል ጓንት አድርጉ፤ መድኃኒቱ በጣት ቆዳ በኩልም ወደ ደም ይገባልና። የአተር ፍሬ የምታህል ውሰዱ፣ በአፉ ዙሪያና ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ቀቡ። ጓንቱን ጣሉ፣ እጃችሁን እንደገና ታጠቡ። አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ካዘዘ የእሱን ተከተሉ። አንዱን ጊዜ ብትረሱ በሚቀጥለው እጥፍ አትቀቡ። ሕመሙ በሳምንት ቢቀንስም አታቋርጡ፤ ቁስሉ እስኪጠግ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙዎች እንደገና የሚታመሙት ሻል ሲላቸው ስለሚተዉት ነው።

ናይትሮግሊሰሪን ራስ ያሳምማል፤ ይህ የታወቀ ነው። ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፣ ከቀናት በኋላም እየቀነሰ ይሄዳል። የደም ግፊትንም ስለሚያወርድ ተቀምጣችሁ ወይም ጋደም ብላችሁ ቀቡ፣ ስትነሡም ቀስ በሉ። የሚያዞራችሁ ከሆነ የቀረውን ጥረጉና ሐኪም አማክሩ። ራስ ምታቱ ካልተቻለ ዲልቲያዜም እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፤ እሱ ራስ የማሳመም ጠባዩ ያነሰ ነው፣ አንዳንዴ ግን ያሳክካል።

ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ የምትነግሩት አለ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ካጠባችሁ፣ ግፊታችሁ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ማይግሬን ካለባችሁ፣ የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት ከወሰዳችሁ አትደብቁ። ባለቤታችሁም ይህንኑ የናይትሮግሊሰሪን ቅባት የሚጠቀም ከሆነ እንደ ቪያግራ ያሉ መድኃኒቶችን አብሮ እንዳይወስድ ንገሩት። ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን ለጥቂት ቀን ሕመም ያስታግሳል እንጂ ስንጥቁን አያድንም። የኪንታሮት ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ቅባቶች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ከሳምንት በላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል። የሚያቃጥል ነገር ቀብተው «እናደርቀዋለን» የሚሉትንም ተጠንቀቁ። ቃጠሎው ጠባሳ ትቶ የፊንጢጣውን አፍ ሊያጠበው ይችላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ከቅባት ያልፋል።

ሰገራው ካልለሰለሰ ቅባቱ ብቻውን አይበቃም። ጎመን፣ ምስር፣ ተልባ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ብሉ። ውኃ ጠጡ፤ በጾም ወራትም ከተፈታ እስክትተኙ ድረስ ደጋግማችሁ ጠጡ። ካስፈለገ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ሲመጣባችሁ አትያዙት፣ ብዙ አታምጡ። ከተጸዳዳችሁ በኋላ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ በሳፋ መቀመጥ ጡንቻውን ያላላል። ጨው፣ ሳሙናም ሆነ ዴቶል አትጨምሩበት፤ ንጹህ ውኃ ይበቃል።

ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱትም እነዚህ ናቸው፦ ደሙ ብዙ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ፣ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ትኩሳት ወይም መግል ያለው እብጠት ከታየ፣ ቅባቱን በሥርዓት ተጠቅማችሁ በ8 ሳምንት ካልዳነ። የአንጀት ካንሰርም በደም ሊጀምር ስለሚችል «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ቀዶ ሕክምና ከተባላችሁ ምጥ ላይ እስከ ፊንጢጣ ተቀዳችሁ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ጡንቻው የተጎዳ ከሆነ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ስጸዳዳ ያመኛል፣ ደምም አያለሁ» ማለት ይበቃል። ሴት ሐኪም መጠየቅም መብታችሁ ነው። ብቻዋን መሄድ የምታፍር ካለች ከእኛ አንዷን ትጥራ፤ ለለቅሶና ለሠርግ የምንጠራራ ሰዎች ለዚህም እንጠራራ።

ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ጠይቁ፤ ያፈራችሁ ደግሞ ቡና ሲፈላ ወደ እኔ ጠጋ በሉ።