የካርቡራተር ልክ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት መጠኑ ከአንድ ጭብጥ እጅ ስለማይበልጥ፥ ነገር ግን የሞተርን ጉልበትና ዕድሜ በእጁ ስለያዘ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ካርቡራተር ነው። ነገሩን በደፈናው እንዳልናገር አንድ ዐይነት ሞተር መርጫለሁ፤ እርሱም ሁለት ሲሊንደሮቹ ጐን ለጐን የቆሙለት የጥንቱ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ነው። እነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ቢሆንም፥ ዛሬም በልዩ ልዩ አገር የሚያድሷቸው ወዳጆች አሏቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በማደስ ብቻ አይወሰኑም፤ ጉልበት ለመጨመር ሲሉ ፒስቶኑን፥ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግና ማርሚታውን ይለውጣሉ። ይህ ሁሉ ከተለወጠ በኋላ «እንግዲህ የትኛው ካርቡራተር ይስማማዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በችኰላ ሲሰጥ ገንዘብ ይባክናል፥ ፒስቶን ይበሳል፤ ከዚያም የባሰ እንደ ሆነ ሞተሩ በሩጫ ላይ ተጣብቆ ነጂውን ከመንገድ ሊጥለው ይችላል።

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የዚህ ዐይነት ሞተር መልክ የተወሰነው ኤድዋርድ ተርነር የተባለው መሐንዲስ በ1937 ለትራያምፍ ፋብሪካ ባወጣው ስፒድ ትዊን በተባለው ባለ 500 ኩቢክ ሴንቲሜትር ሞተር ነው። ሌሎቹም ፋብሪካዎች ፈለጉን ተከተሉ። ለ1959 ደግሞ ትራያምፍ ቦንቪል የተባለውን 649 ኩቢክ ሴንቲሜትር ሞተር አወጣ፤ ይህም እያንዳንዳቸው 27 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት የአማል ካርቡራተሮች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው አሳብ «ሁለት ካርቡራተር» ማለት «ፈጣን ሞተር» ማለት ሁኖ ቀረ። ይህ አሳብ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ የካርቡራተርን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል።

ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በካርቡራተሩ ጉሮሮ በኩል ይሳባል። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ በታችኛው ጽዋ ያለው ቤንዚን በልክ በተበሳው ትንሽ የናስ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይወጣና እንደ ጉም ተበትኖ ከአየሩ ጋራ ይደባለቃል። ይህን ቀዳዳ ያለበትን ናስ በዚህ ንግግር «መርጫ» እለዋለሁ። ቤንዚን ፈጽሞ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጉልበት ሲፈለግ ግን አየሩ ወደ 12.5 ወይም 13 ኪሎ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤንዚኑን የሚስበውና የሚበትነው የአየሩ ፍጥነት ነው እንጂ የጉሮሮው ስፋት አይደለም።

ጉሮሮው ሲሰፋ ምን እንደሚሆን በቍጥር እንመልከት። የ30 ሚሊሜትር ካርቡራተር አንሥተን በ36 ሚሊሜትር ብንተካው፥ የስፋቱ ልዩነት ለዐይን ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አየር የሚያልፍበት አፍ በመቶ 44 ያድጋል። ሞተሩ በአንድ ዐይነት ዙር ሲዞር የሚስበው አየር ያው ስለ ሆነ፥ የአየሩ ፍጥነት በመቶ 30 ያህል ይወርዳል። አየሩ ሲዘገይ ቤንዚኑ በደንብ አይሳብም፥ አይበተንምም፤ ነጂውም ከመስቀለኛ መንገድ ሲነሣ ሞተሩ ይንተባተብበታል። ቫልቮቹ ረዥም ጊዜ አብረው ክፍት እንዲቈዩ የሚያደርግ የእሽቅድምድም ዘንግ ገብቶለት እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በዝቅተኛ ዙር የተሳበው ድብልቅ በካርቡራተሩ በኩል ተመልሶ ይተፋልና።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የፋብሪካው የራሱ ሥራ ነው። ትራያምፍ በኋላ የቦንቪልን ሞተር ወደ 744 ኩቢክ ሴንቲሜትር ባሳደገው ጊዜ እንኳ የመረጠው የአማልን 930 ቍጥር ካርቡራተር ነበር። በዚህ ቍጥር መጨረሻ ያሉት ሁለቱ አኃዞች የጉሮሮውን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታሉ፤ 930 ማለት 30 ሚሊሜትር፥ 932 ማለት 32 ሚሊሜትር ነው። የኖርተን ፋብሪካም ለኮማንዶ ሞተሩ መጀመሪያ 30 ሚሊሜትር ሰጠው፤ በኋላም 828 ኩቢክ ሴንቲሜትር ሲሆን ከ32 ሚሊሜትር አላሳለፈውም። ስለዚህ ከ650 እስከ 750 ለሆነ የመንገድ ሞተር 30 ሚሊሜትር፥ በጣም ለተሻሻለ 750 ወይም ለትልቁ ኖርተን 32 ሚሊሜትር ይበቃል። ከዚያ የሚሰፋው ዘወትር በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ የእሽቅድምድም ሞተር ይሁን።

አንድ ካርቡራተር ይሻላል ወይስ ሁለት? በትራያምፍና በኖርተን ሞተሮች ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ይወጣሉ፥ አብረው ይወርዳሉ፤ ነገር ግን አየር የሚስቡት ተራ በተራ ነው። ስለዚህ አንድ ካርቡራተር ሁለቱን ሲሊንደሮች እኩል በሆነ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። በመስከረም 1949 ሦስት የትራያምፍ ተንደርበርድ ሞተር ብስክሌቶች በፈረንሳይ አገር በሞንሌሪ የእሽቅድምድም ሜዳ 500 ማይል፥ ማለት 800 ኪሎሜትር ያህል፥ በሰዓት ከ90 ማይል በሚበልጥ አማካይ ፍጥነት ሮጡ፤ እያንዳንዱም የነበረው አንድ ካርቡራተር ብቻ ነው። ዛሬም ብዙ የኮማንዶ ባለቤቶች ሁለቱን አውጥተው 34 ሚሊሜትር የሆነ አንድ የጃፓን ሚኩኒ ያስገባሉ። በላይኛው ዙር ጥቂት ጉልበት ይቀርባቸዋል፤ በምትኩ ግን የረጋ ሚኒሞና ቀላል አስተካከል ያገኛሉ። ወደ ሥራና ወደ ቤት ለሚመላለስ ሰው ይህ ልውውጥ አያከስርም።

ምርጫው ከተፈጸመ በኋላ ማስተካከሉ ይከተላል። የካርቡራተርን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ግን ሌላው ሁሉ ደኅና መሆኑን መርምሩ። የቫልቮቹ ክፍተትና ካንዴላው የሚፈነጥቅበት ጊዜ በልካቸው ይሁኑ። ካርቡራተሩ ከሲሊንደሩ ራስ ጋራ በሚገናኝበት ቦታ አየር አይግባ፤ የአሮጌው አማል መጋጠሚያ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ሲጠብቁ ይጐብጣልና። በውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ተንሸራታች አርጅቶ እንደ ሆነም በጐኑ የሚገባው አየር ሚኒሞውን ያናውጠዋል፤ ያረጀ ካርቡራተር በማስተካከል አይድንም። ዛሬ የሚሠሩት አዲሶቹ አማሎች መፋቅን የሚቋቋም የአሉሚንዮም ተንሸራታች ስላላቸው መተካቱ ከድካም ያድናል።

የማስተካከሉ ተራ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የነዳጅ መስጫው እጀታ ከሦስት አራተኛ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የሚያዘውን ዋናውን መርጫ ምረጡ። በአማል ላይ የተጻፈው ቍጥር መርጫው በአንድ ደቂቃ ስንት ኩቢክ ሴንቲሜትር እንደሚያሳልፍ ያመለክታል። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ ከብዶት የሚሮጥ እንደ ሆነ መርጫው ትልቅ ነው፤ እጀታውን ጥቂት ስትመልሱት ጉልበት የሚጨምር እንደ ሆነ ግን መርጫው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚኒሞውን የአየር ብሎን አስተካክሉ፤ ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ አንድ ተኩል ዙር መክፈት መልካም መነሻ ነው። በአማል ላይ ብሎኑ ሲገባ ቤንዚን ይበዛል፥ ሲወጣ ያንሳል። ሦስተኛ፥ ከስምንት አንድ እስከ አራት አንድ ድረስ ለሆነው አከፋፈት የተንሸራታቹን የተቈረጠ አፍ ተመልከቱ፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቤንዚኑ ያንሳል። አራተኛ፥ ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ የሚያዘው መርፌው ነው፤ መርፌው ከፍ ሲል ቤንዚን ይበዛል፥ ዝቅ ሲል ያንሳል። በመጨረሻም ወደ ሚኒሞው ተመለሱ። ሁለት ካርቡራተር ያላችሁ እንደ ሆነ ሁለቱ ተንሸራታቾች በአንድ ቅጽበት መነሣታቸውን ካላረጋገጣችሁ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲሊንደር ሌላውን ይጐትታልና።

ሙከራውን የምታደርጉት ሕዝብ በማይተላለፍበት ሜዳ እንጂ በከተማ መንገድ አይሁን። በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ከሮጣችሁ በኋላ ፍሪሲዮኑን ያዙ፥ ሞተሩንም አጥፉ፤ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ጥቁር ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ሁኖ የተቃጠለ እንደ ሆነ ቤንዚን አንሷል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፥ ገንዘብም ይበላል፤ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ግን በጣም ይግላል፥ ፒስቶኑም ይበሳል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ከትልቁ መርጫ ጀምራችሁ ወደ ትንሹ ውረዱ እንጂ ከትንሹ አትጀምሩ። የአየር ማጣሪያውን ያወጣ ወይም ክፍት ማርሚታ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ ትልቅ መርጫ ያስፈልገዋል። በብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን በመቶ እስከ 10 አልኮል የተቀላቀለበት ስለ ሆነም በጥንቱ ቍጥር የተስተካከለ ሞተር ዛሬ ቤንዚን ያንሰዋል።

በአገራችን ከፍታ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ለእንግሊዝ አገር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። የጥንቱ የፋብሪካ መመሪያ ከ3,000 እስከ 6,000 ጫማ ከፍታ ዋናው መርጫ በመቶ 5፥ ከዚያም በላይ በየ3,000 ጫማው በመቶ 4 እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ አቆጣጠር 200 የነበረው መርጫ በአዲስ አበባ ወደ 180 ይጠጋል ማለት ነው። ነገር ግን ይህንኑ ሞተር ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ትልቁን መርጫ መልሶ ያግባ፤ ለደጋ የተቀነሰው ቤንዚን በቆላ ፒስቶን ያቃጥላልና።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ የተሠራውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር የለመዳችሁ ናችሁ፤ ይህን ልማድ ለሞተራችሁም አትንፈጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትን ቍጥርና ያገኛችሁትን ውጤት ጻፉ። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢሻለውም ቢብስበትም ምክንያቱን አያውቀውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለካርቡራተር ሥራም ይስማማል። የጉልበት ምንጩ ትልቁ ካርቡራተር ሳይሆን ልኩን ያገኘው ካርቡራተር መሆኑን ካስታወሳችሁ፥ የዛሬው ንግግሬ ዓላማው ተፈጽሟል።