ስለ ጤና ባለሙያዎች ቈጠራ
በአራዳ የተሰጠ ዲስኩር



ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ባስቈጠረ ጊዜ የወረደው መቅሠፍት በየደብሩ ሲተረክ የኖረ በመሆኑ፣ ቈጣሪ ከደጃፉ ሲቆም ልጆቹን አጕድሎ የሚናገረው አባወራ ከግብር ፍርሃት ሌላ ይህም ሳይኖርበት አይቀርም። ነገር ግን ኦሪት ዘኍልቍ በአራተኛው ምዕራፍ ሌላ ዓይነት ቈጠራ ያሳየናል፤ ሙሴና አሮን ከሌዋውያን መካከል ለአገልግሎት ከሚበቁበት ዕድሜ አንሥቶ እስከ 50 ዓመት ያሉትን ብቻ ለይተው ቢቈጥሩ፣ ከቀዓት ወገን 2,750፣ ከጌድሶን 2,630፣ ከሜራሪ 3,200፣ በድምሩ 8,580 ሰው ተገኘ፤ ንዋየ ቅድሳቱን፣ መጋረጃውን፣ ሳንቃና ምሰሶውን ማን እንደሚሸከምም በዚያው ተደለደለ። ዳዊት የቈጠረው ኃይሉን ለማወቅ ሲሆን እነዚህ የቈጠሩት ሸክሙን ለማከፋፈል ነበር፤ እኔም የምናገረው ስለዚህ ስለ ኋለኛው ነው።

በሕፃንነቱ ከመቅደላ ተወስዶ በሕንድ አገር ሕክምና የተማረው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ወደ አገሩ በተመለሰበት ዘመን፣ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ስንት ነው ለሚል ጠያቂ መዝገብ መግለጥ አያሻም ነበር። የደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ ግን፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠብቅ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ብሎ ቢነሣ፣ ቀበሌው 15 ሺህ ያህል ነውና የሚሠለጥነው 30 ሺህ መሆኑ አስቀድሞ ታወቀ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሠመረውም ቀበሌው በትክክል የተቈጠረ ስለ ነበር ይመስለኛል።

መዝገብ ሲጓደል ስፍራውን ወሬ ይይዘዋል። በቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ የሚለውን ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም፤ በስብሰባ ሁሉ ይጠቀሳል፤ ዝርዝሩን አቅርቦ ያሳየኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ለ1,000 ሰው 2.28 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያልደረሰላቸውን 57 አገሮች በችግር ላይ ያሉ ብሎ ሲዘረዝር አገራችን ከነዚያ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በብዛት ተከፈቱ፤ ጥቂት ዓመታት አለፉና፣ ሐኪም አጣሁ በምትል አገር ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ሐኪሞች ታዩ። ተማሪውን የቈጠረው አንዱ፣ የደመወዙን በጀት የቈጠረው ሌላው ነበርና ሁለቱ ቍጥሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልተገናኙም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጧት በመንግሥት ሆስፒታል በሽተኛ ሲያይ የዋለ ስፔሻሊስት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ነጩን ካፖርት በፌስታል ይዞ የፒያሳን አቀበት ወጥቶ በግል ክሊኒክ ሲቀመጥ፣ ሁለቱም ቤቶች በየሪፖርታቸው አንድ አንድ ሐኪም አለን ይላሉ፤ ደማሪውም ሁለት ብሎ ይጽፋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር በተዛወረ ጊዜ፣ በሽተኛው ሄዶ መደቡ እዚሁ እንዳይቀር፣ አዲሱ ሰፈርም ያለ አዋላጅ እንዳይሰነብት፣ የነዋሪው ዝርዝርና የባለሙያው ዝርዝር አብረው መታረም ነበረባቸው፤ አገራዊው የሕዝብ ቈጠራ ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስላልተደገመ የምንይዘው ግምት ነው።

አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም፤ ሹመት እንጂ መዝገብ አይወለድበትምና። ባለሙያው ሁሉ ፈቃዱን ለማሳደስ ወደ አንድ መስኮት መቅረቡ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ የማይለወጥ መለያ ቍጥር ተሰጥቶት የት የት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ጡረታ የሚወጣበትም ዓመት ቢጠየቅ፣ ያ የተደገመው ሐኪም ወዲያው አንድ ይሆናል። የተሰበሰበውም በዶሴ ታስሮ ከሚያድር፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ጤና ሚኒስቴርም ገንዘብ ሚኒስቴርም በአንድነት እንዲያዩት፣ በጀቱ ከሚጀምርበት ከሐምሌ 1 ቀን ብዙ ወራት አስቀድሞ ይቅረብላቸው።