ከግድቡ እስከ ጉድጓዱ፦ የኃይል ምንጮቻችን ስብጥርና የቆቦ ጊራና ሸለቆ



ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በተነሣ ቁጥር ስንት ሜጋዋት እንደሚመነጭ ማስቀደም ልማዳችን ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ከሌላው ጫፍ፣ ማለትም ኃይሉን ከሚጠብቀው ማሳ፣ እንድንመለከተው እለምናለሁ። ለዚህም በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን የጊራናን ሜዳ ምሳሌ አደርጋለሁ።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ዝናቡ የማያስተማምን በመሆኑ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው መሬቱ በከርሰ ምድር ውሃ እንዲለማ ተደርጓል። ወሎን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የመታውን ረኃብ ለሚያስታውስ ሁሉ የዚህ ሥራ ትርጉም ግልጽ ነው። ሆኖም ውሃው በራሱ አይወጣም። በሰከንድ 30 ሊትር ውሃ 50 ሜትር ሽቅብ ለመሳብ፣ የፓምፑና የሞተሩ ብቃት በአንድነት 60 በመቶ ቢሆን፣ 25 ኪሎዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ገበሬው ያለው ምርጫ ናፍጣ ገዝቶ ጄኔሬተር ማስነሣት፣ አለዚያም ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ቆሞ ማየት ነው።

በ1952 ዓ.ም. ቆቃ በ43 ሜጋዋት ሥራ ሲጀምር ትልቅ እመርታ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ከምናመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ከውሃ የሚገኝ ስለሆነ፣ ድርቅ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይመታናል። ፓምፑ ከምንጊዜውም ይበልጥ በሚፈለግበት ዓመት ግድቡም ይጎድላል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የታደለበትን ጊዜ መጥቀስ ይበቃል።

የኅዳሴው ግድብ ከአንዱ ዓመት ለሌላው የሚተርፍ ውሃ ስለሚይዝ ይህን ሥጋት በእጅጉ ያቃልለዋል። የማያቃልለው የማስተላለፊያውን መሥመር ጉዳይ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ አካባቢው ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቆይቷል። ማመንጨት አንድ ነገር፣ ማድረስ ሌላ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋው ወራት ስለሆነ፣ በ2006 ዓ.ም. በ120 ሜጋዋት እንደተመረቀው እንደ አሸጎዳ ያሉ የነፋስ ጣቢያዎች ቢበራከቱ የግድቦቻችንን ውሃ ያቆጥቡልናል። በአሉቶ ላንጋኖ የተጀመረው የከርሰ ምድር እንፋሎትም ዝናብ አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ለመስኖ ፓምፕ የፀሐይ ኃይል የተመቸ ነው። ቀን የተሳበው ውሃ ከፍ ካለ ማጠራቀሚያ ስለሚከማች ባትሪ የግድ አያስፈልግም፤ መሥመሩ ቢበጠስም ማሳው አይደርቅም። ነገር ግን ፀሐይ እንደ ናፍጣ በየቀኑ ዋጋ ስለማይከፈልባት ውሃው ያለ ልክ እንዳይሳብና ጉድጓዱ እንዳይነጥፍ በቆጣሪ መጠበቅ አለበት። መለዋወጫና በቅርብ የሚገኝ ባለሙያም አብረው ካልታቀዱ መሣሪያው ቆሞ ይቀራል።

ክቡራን ሆይ፤ ወደፊት የሥራ ዘገባ ስናቀርብ ከሜጋዋቱ ጎን ፓምፑ በዓመት ስንት ሰዓት ሳያቋርጥ እንደሠራ አብረን እንድንጽፍ አሳስባለሁ። ለጊራናው ገበሬ የኃይል ልማታችን መለኪያ ይኸው ነውና።