ብልሽትን በቀጠሮ መጥራት

በወላይታ ሶዶ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በሶዶ ከተማ ወደ ባንክም ሆነ ወደ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው «ሲስተም የለም» የምትለውን አጭር ቃል ሳይሰማት አልቀረም። ባለጉዳዩ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ነገ ይመለሳል። ዛሬ የምናገርበት «ኬኦስ ኢንጂነሪንግ» የተባለው የሙከራ ስልት የሚመለከተው ይህችኑ ቃል ነው። ስልቱ የኮምፒዩተር ሥርዓት ብልሽትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ለማወቅ፣ ብልሽቱን ራሳችን አስበን፣ መጥነንና ሰዓት ቆርጠን እንድናደርስበት ይጠይቃል።

ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ፊልም አከራይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶበት ለሦስት ቀናት ያህል ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ አቅቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን በኪራይ ወደሚያገኛቸው ብዙ ሰርቨሮች ሲያዛውር «ኬኦስ መንኪ» የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ካሉት ሰርቨሮች አንዱን በዕጣ መርጦ ያጠፋል፤ ጦጣ ማሽን ክፍል ገብታ ገመድ ስትነቅል እንደ ማለት ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ጦጣዋ የምትለቀቀው መሐንዲሶቹ በቦታቸው ባሉበት የሥራ ሰዓት መሆኑን ነው።

«በእኛ አገር መብራት ይጠፋል፣ መስመርም ይቋረጣል፤ ከዚህ ሌላ ምን ትርምስ ያስፈልገናል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አደጋና ሙከራ ይለያያሉ። በሙከራ ጊዜ የሥርዓቱ ጤናማ ሁኔታ አስቀድሞ በቁጥር ይመዘገባል፤ ምን እንደሚጠበቅም ይጻፋል፤ ከዚያም ብልሽቱ ይደርስና የተጠበቀው ከሆነው ጋር ይነጻጸራል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ሁሉም ወደ ጄኔሬተሩ ይሮጣል፤ ሲመለስም ነገሩ ይረሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሪፖርት ቢጻፍ እንኳ ከሰነበተ በኋላ ነው።

ብልሽት ብቻውን እንደማይጓዝ ለማየት ከዚህ ከሶዶ የሚነሣውን የኤሌክትሪክ መስመር መመልከት ይበቃል። ይህ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍም የተሠራ ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሱስዋ ላይ ከቱርካና የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ያመጣ የነበረ ሌላ መስመር ተቋረጠ። እርሱን ተከትሎ 200 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረው የእኛው መስመር ወጣ። በአንድ ጊዜ 488 ሜጋ ዋት ጎደለና አብዛኛው የኬንያ ክፍል ጨለመ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ክፍል ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ይወድቃል፤ እያንዳንዱን ለየብቻው መርምረን ደኅና ነው ብንልም አብረው ሲታመሙ የሚሆነውን አላየንም።

ከዚህም የሚከፋው ሳይወድቅ የሚሳሳት ሥርዓት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ፣ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለማውጣትና ለማዛወር ቻሉ። ባንኩ መጠኑ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጠ፤ መነሻውም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ሥርዓቱን ከማሻሻልና ከመፈተሽ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበረ ተነገረ። ከዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የመጣው ወሬ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ አልደግመውም። ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም የሒሳብ መጠን የሚያረጋግጠው ክፍል መልስ ሲያጣ የገንዘብ መክፈያ ማሽኑ «አይሆንም» ይላል ወይስ «እሺ» የሚለው ነው። ይህን በሥራ ቀን ጧት፣ በጥቂት የሙከራ ሒሳቦች ላይ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን በዞናችን ያለ አንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍሉን በኮምፒዩተር ያሠራል እንበል። ግምቱ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ከዋናው ሰርቨር ጋር ያለው መስመር ለ10 ደቂቃ ቢቋረጥ ምዝገባው አይቆምም፤ መስመሩ ሲመለስም አንድም ካርድ ሳይጠፋና ሁለት ጊዜ ሳይመዘገብ ወደ ሰርቨሩ ይገባል»። ገመዱ ይነቀላል። ከመነቀሉ በፊት ግን ሙከራውን ያለ ማንም ፈቃድ የሚያቆም አንድ ሰው ይሰየማል፤ የወረቀት መዝገብም በጠረጴዛው ላይ ይዘጋጃል። ሥርዓቱ እንደሚወድቅ አስቀድመን ካወቅን ሙከራው ትርፍ ነው፤ መጀመሪያ ይጠገን።

እዚህ ላይ ከውጭ ባለሙያዎች ጋር አልስማማም። እነርሱ ሙከራው በእውነተኛው ሥርዓት ላይ፣ በእውነተኛ ተጠቃሚ ፊት ይደረግ ይላሉ። ፊልም የተቋረጠበት ሰው ቢበሳጭ ነው፤ የበሽተኛ ካርድ ወይም የመምህር ደመወዝ ግን እንደዚያ አይታይም። ስለሆነም በሥርዓቱ ቅጂ ላይ እንጀምር፤ ወደ ዋናው የምንሻገረው ቅጂው ደጋግሞ ካለፈ በኋላ ይሁን።

ከገመዱና ከሰርቨሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የኃላፊዎች ፊርማ ነው። በሙከራ የተገኘ ጉድለት በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ እንደ ጥፋት የሚገባ ከሆነ፣ ማንም ገመድ አይነቅልም፤ የሚነቀለውም እንደማይወድቅ የታወቀው ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ማኅበራችን ለአባል መሥሪያ ቤቶች አንድ ገጽ የስምምነት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጽሑፉም በተፈቀደ ሙከራ ለታየ ብልሽት ሠራተኛ እንደማይጠየቅበት ይስፈር፤ ኃላፊውም ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይፈርምበት። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዕረፍት በኋላ እንወያይበት።